የእንግዳ ወረቀት

ማካሜ ሐጂ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ አባቱ ትተውት በሄዱት የጀልባ ዳስ ውስጥ፣ ጀርባውን ለአሮጌዋ ጀልባ ሰጥቶ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። የግራ እጅጌው እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል፤ መርፌው አጠገቡ አሸዋው ላይ ወድቋል። ያገኘው ዓሣ አጥማጅ የተኛ መስሎት «አንተ ሰውዬ፣ ውሃው እየመጣብህ ነው» እያለ ሁለት ጊዜ ነቀነቀው።

በዛንዚባር እንዲህ ያለ ሞት መርማሪ አይጠራበትም። «ዱቄቱ ተመለሰበት» ይባላል፣ ሬሳው አፈር ይለብሳል፣ ወሬው ለሁለት ሳምንት ይላመጣል። ሄሮይንን ዱቄት ነው የምንለው፤ ቤት ለሚያፈርስ ነገር እንዲህ ያለ የዋህ ስም ማውጣት እናውቅበታለን። ማካሜ ዱቄቱን ከተወ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። የሚኖረውም ሱስ የተዉ ሰዎች ተሰብስበው አንዱ ሌላውን እየጠበቀ በሚያድርበት በሱቢራ ቤት ነበር። የመንደሩ ሰው ያ ቤት ይዘጋልን እያለ ሲለምን ስለኖረ፣ ሬሳው ሳይነሳ ደስታውን መደበቅ አቃተው። መስጊድ በር ላይ ቆመው «የዚያ ቤት ልጆች ቀብሩ ላይ እንዳይደርሱ» ያሉም ነበሩ። ይህን ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል።

ኢንስፔክተር ሩኪያ ምባሩክን ወደዚህ ጉዳይ የጎተተቻት የማካሜ እናት ናት። ቢ ዙህራ፣ ወይዘሮን ቢ ነው የምንለው፣ ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል። አርብ ጠዋት የጎረቤት ልጅ ክንድ ይዛ ጣቢያው በር ላይ ቆመች።

«ልጄ ወደቀ ወይስ ጣሉት?» አለቻት። «ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። ይህን ብቻ ንገሪኝ፤ ከዚያ ልቅበረው።»

የሩኪያ አለቃ ሰዓቱን አየ። «ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይቀበራል። እስከዚያ የምታገኚው ነገር ካለ አግኚ፤ ከሌለ ሴትየዋን አጽናኛት» ብሎ ወደ ሻዩ ተመለሰ።

ሩኪያ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ስትራመድ የምታቃስት፣ ሰው ሲያወራ ግን ቃል የማያመልጣት ሴት። በመጀመሪያ የሄደችው ወደ ሆስፒታሉ ነበር። ሰባት ዓመት ሱቢራ ቤት የሠራችው ነርስ ሚዛ ሬሳው አጠገብ ቆማ ታለቅሳለች።

«ሰውነቱ ረስቶታል፣ ቢ ሩኪያ» አለች ሚዛ። «ለዓመታት የተወ ሰው ድሮ የለመደውን ያህል ሲወስድ ትንፋሹ ይቆማል። ብዙዎቹን የምናጣቸው ከርመው ወደ ዱቄቱ ተመልሰው የወደቁ ዕለት ነው።»

«ይህን የሚያውቀው ማን ነው?»

«ሁሉም ያውቃል። ለቤተሰቦችም እናስተምራለን፣ እንዲጠነቀቁ።»

ሩኪያ ሁለቱንም ክንዶች ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየች። የመርፌ ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው። አሮጌ ጠባሳ የለም። ቀኝ ባቱ ላይ ግን፣ በውስጥ በኩል፣ እንቁላል የሚያህል የቃጠሎ ጠባሳ ነበር።

«ይኼስ?»

«እሱ የቆየ ነው፤ የሞተር ሳይክሉ አደጋ ጊዜ። ስድስት ዓመት ሆነው። ማካሜ በዱቄት ደንዝዞ ሲነዳ አንድ ልጅ ገጭቶ ገደለ ተባለ፤ በሽማግሌ አለቀ። ስለዚያ ለእኔ አውርቶ አያውቅም።»

ቀጥሎ ዳሱ ነው። ጀልባዋ በእንጨት ተደግፋ ከቆመች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አባትየው ከሞቱ ወዲህ ውሃ አልነካችም። ሩኪያ እያቃሰተች ተንበረከከች። ከጀልባዋ ጎን ባለ ሳንቃ ላይ ሁለት የሻይ ስኒ ክቦች ታትመዋል፤ ስኒ ግን የለም። በሳንቃው ስንጥቅ ውስጥ ነጭ የኪኒን ፍርፋሪ ተወትፏል። ከሥሩ፣ ግማሹ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ የኪኒን ማሸጊያ ቁራጭ አገኘች። ጽሑፉን ለማንበብ ከዓይኗ አራቀችው። በሕይወቱ ወደ ፔምባ ደሴት በመርከብ ተሻግሮ የሚያውቅ ሁሉ ያን ኪኒን ያውቀዋል፤ ባሕሩ ሲያስቸግር መርከበኞቹ የሚያድሉት የማቅለሽለሽ ኪኒን ነው። ሁለቱን የዋጠ እስከ ወደቡ አይነቃም።

ሱቢራ ቤት ውስጥ ጠዋት ጠዋት የሚደረገው ስብሰባ አልተደረገም። አሥራ ስድስት ወንዶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ወለሉን ያያሉ። የቤቱ ኃላፊ ኮምቦ በወጣትነቱ ዱቄት ሸጧል፣ ወስዷል፣ ታስሯል፤ ከተወው ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በዚህ ቤት እያንዳንዱ ሰው አንድ ሰሚ አለው፤ ሌሊትም ቀንም የልቡን የሚነግረው። የማካሜ ሰሚ ኮምቦ ነበር።

«መርፌ ይጠቀም ነበር?» አለችው ሩኪያ።

ኮምቦ ፊቱን ወደ ወንዶቹ አዞረ።

«ጠላት ነበረው?»

«እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል፣ ቢ ሩኪያ። ሕጋችን ነው። የአንዱን ምስጢር ዛሬ ካወጣሁ ነገ ማንም አይነግረኝም። ካልነገረኝ ደግሞ ይሞታል።»

«ይኼኛው ሞቷል እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ዱቄት ሻጭ የነበርክ ሰው ነህ። ዝም ስትል ምን እንደምትመስል ታውቃለህ?»

«ሌባ እመስላለሁ» አለ ኮምቦ። «ለምጄዋለሁ።»

ሩኪያ ከዚያ ወጥታ ወደ ቢ ዙህራ ቤት ሄደች። የቀብሩን ሥራ የያዘው የማካሜ ታላቅ ወንድም ፋኪ ነበር። ፋኪ በፔምባ መርከብ ላይ የካፒቴኑ ምክትል ነው፤ በሚቀጥለው ወር ካፒቴን ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። ሸሚዙ እንደ ወረቀት የተተኮሰ፣ ሽማግሌዎቹ ሲያልፍ የሚነሱለት ሰው። እናቱን ደግፎ አስቀመጣት፣ ለሩኪያ ወንበር ጠረገላት።

«ድካምዎን አከብራለሁ» አላት። «እንዲህ መንከራተትዎ ግን ለማማ ሕመም ነው። ወንድሜን እወደው ነበር። ሱስ ግን ሱስ ነው።»

«ሐሙስ የት ነበርክ?»

«ሥራ። የሰባት ሰዓቷ መርከብ ላይ።» ከዚያ መሳቢያ ከፍቶ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ይልቅ ይህን ያንብቡ። ሱቢራ ቤት የገባ ጊዜ በራሱ እጅ የጻፈው ነው፤ ቅጂውን ለእኛ ሰጡን። ማማ ማንበብ ስለማትችል እኔ ነኝ የማስቀምጠው።»

ሩኪያ አነበበች። ‹ብወድቅ የምወድቀው በአባቴ ጀልባ ዳስ ውስጥ ነው። ብቻዬን እሆናለሁ። ከምሳ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ። በመርፌ እወስዳለሁ፣ በግራ ክንዴ። ክንዴን ጠብቁልኝ።›

«ነግሮን ነበር» አለ ፋኪ። «ቃል በቃል ነግሮን ነበር። እኛ አልጠበቅነውም።»

ቢ ዙህራ ይህን ስትሰማ ሻርፗን አፏ ውስጥ ከታ ነከሰች። እውነቱን ለመናገር፣ ሩኪያም ያን ጊዜ ልቧ ደክሞ ነበር። ሰው ራሱ ጽፎ የፈረመበትን ነገር ማን ይከራከራል?

ወረቀቱን ይዛ ወደ ሱቢራ ቤት ስትመለስ በሩ ላይ አንድ ልጅ እግር ሰው ቦርሳውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሊወጣ ሲል አገኘችው። ቩዋይ ይባላል፤ ቤቱ ከገባ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው።

«ወዴት ነው?»

«ወደማውቀው ቦታ። ሦስት ዓመት የቆየው ማካሜ ከወደቀ እኔ የአሥራ ሁለት ቀኑ ምን አባቴ ነኝ? ይኼ ሁሉ ጸሎት፣ ይኼ ሁሉ ስብሰባ፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው።»

«አንድ ነገር ብቻ አስረዳኝና ሂድ» አለችው ሩኪያ። «አንተም እንዲህ ያለ ወረቀት ጽፈሃል?»

ቩዋይ አየት አደረገና ሳቀ። በዚያ ቀን በዚያ ግቢ የተሳቀ ሳቅ እሱ ብቻ ነበር። «የእንግዳ ወረቀት! ከየት አመጡት? ባለፈው ሳምንት ነው የጻፍኩት። ዋሽቼ ነዋ!»

«ለምን ትዋሻለህ?»

«ቢ ሩኪያ፣ ገና የገባ ሰው እኮ ልቡ አልገባም። የኋላ በር ይተዋል። እኔ ገበያ ውስጥ እወድቃለሁ ብዬ ጻፍኩ፤ እነሱ ገበያውን ሲጠብቁ እኔ በወደቡ በኩል ሹልክ እንድል። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ኮምቦም ያውቃል፤ ‹በርታ፣ ቆንጆ ውሸት ነው› አለኝ። በዘጠናኛው ቀን ሁላችን ፊት ይቀደዳል። ያን ጊዜ እውነተኛው ይጻፋል።»

«ቅጂው ለቤተሰብ ሲሰጥ፣ ውሸት መሆኑ ይነገራቸዋል?»

«ኧረ አይነገራቸውም! ቤተሰብ ወረቀት ካልያዘ እንቅልፍ አይወስደውም። እውነተኛውን ደግሞ አያዩትም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለን ሰው ተብሎ የራሳቸው ስም ነው ያለበት።»

ሩኪያ እዚያው በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ከዚያ «አንድ ሰዓት ቆይ» አለችው። «ከዚያ በኋላ ወደፈለግክበት ሂድ።»

አምስት ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። ኮምቦ፣ ሚዛና ቩዋይ ከወንዶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ፋኪ እናቱን ይዞ መጣ፤ እሷ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ እሱ ከኋላዋ ቆመ፣ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«ሬሳው እየጠበቀ ነው» አለ።

«አላቆይህም» አለች ሩኪያ። ወረቀቱን ከፈተችና ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ኮምቦ፣ እውነተኛው ወረቀት ላይ ያለውን አልጠይቅህም። ሕግህን አከብራለሁ። ስለዚህኛው ብቻ ንገረኝ።»

ኮምቦ ወረቀቱን ተቀብሎ አይቶ መለሰላት። «እሱ የእንግዳ ወረቀት ነው።»

«ለምን መርፌ ብሎ ጻፈ?»

«ማካሜ መርፌ ሲያይ ራሱን ይስት የነበረ ሰው ነው፤ ደም ሲሰጥ እንኳ። ዱቄቱን በሲጋራ ነበር የሚያጨሰው። እዚህ ሲጋራ አንከለክልም። ክንዴን ሲፈትሹ ይውሉና ሲጋራዬን አያዩም ብሎ ነው የዋሸን። በዘጠናኛው ቀን ሲነግረን ሆዳችንን ይዘን ነው የሳቅነው።» እንባው ወረደ። «ሕጉን ልጣሰው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። በእውነተኛው ላይ ‹በሐዘን አልወድቅም፣ በደስታ ነው የምወድቀው፤ ሠርግ ላይ፣ ሰው መሀል› ብሎ ነው የጻፈው። ብቻውን መሆን አይችልም ነበር።»

«ታዲያ ጠዋት ለምን ዝም አልከኝ?»

«ዋሽቶኝ እንደሆነስ ብዬ! ሱስ ውሸታም ነው፤ የዘጠኝ ዓመቱንም ይጥላል። እኔንም አታሎኝ ሞተ ብዬ ነበር የተቀመጥኩት።»

ሩኪያ ወረቀቱን አጠፈችው። «አላታለለህም። ሰው ሲወድቅ በእውነቱ መንገድ ነው የሚወድቀው። ይኼ ሬሳ ግን የተገኘው በውሸቱ መንገድ ነው፤ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ ክንዱ፣ መርፌው፣ አንድም ሳይጎድል። ውሸቱን አምኖ ያዘጋጀው ሌላ ሰው ነው ማለት ነው። እዚህ ምንጣፍ ላይ ካሉት አንዳቸውም አያምኑትም፤ ሁሉም እንዲህ ያለ ውሸት ጽፈዋል። ሚዛም አታምነውም፤ ሲቀደድ እያየች ሰባት ዓመት ኖራለች። ይህን ወረቀት አምኖ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ቤት አንድ ብቻ ነው።»

«እናቴ ፊት ምን እያሉ ነው?» አለ ፋኪ።

«ዳሱ ውስጥ የሁለት ሰው ሻይ ተጠጥቷል። ስኒዎቹ እግር አውጥተው ሄደዋል። ሳንቃው ላይ ኪኒን ተፈጭቷል፤ የማቅለሽለሽ ኪኒን። ዘጠኝ ዓመት መሬት ላይ የቆመች ጀልባ ማንን ታቅለሸልሻለች? ማካሜ፣ ሚዛ እንደነገረችኝ፣ ለራስ ምታት እንኳ ኪኒን አይውጥም ነበር። በሻይ ተሰጠው፣ ተኛ፣ እጅጌው ተጠቀለለ። የወጋው ሰው የድሮው መጠን እንደሚገድለው እዚሁ ግቢ ውስጥ ተምሯል፤ ከነርስ ሚዛ። ወደ ወደቡ ደግሞ ደውዬ ነበር፣ ፋኪ። ሐሙስ ፈረቃህን ለጓደኛህ ሰጥተሃል። የሰባት ሰዓቷ መርከብ ያለአንተ ነው የሄደችው።»

«ወንድሜን የምገድለው ለምንድን ነው? ሴትየዋ አብዳለች!»

ሩኪያ ወደ ኮምቦ ዞረች። «ማካሜ ሰሞኑን ሊያደርግ ያሰበው ነገር ነበር?»

ኮምቦ ዓይኑን ጨፈነ። «የበደልናቸውን ሰዎች ስም እንጽፋለን፤ ስንጠነክር ሄደን ይቅርታ እንጠይቃለን። ዛሬ ከሶላት በኋላ በሞተሩ ወደተገደለው ልጅ እናት ሊሄድ ነበር። ዱቄቱ ከጭንቅላቱ ሲወጣ ያን ቀን ትዝ ይለው ጀምሮ ነበር። ሲነዳ አልነበረም፤ ከኋላ ነበር የተቀመጠው። ማክሰኞ ዕለት ወንድሙን ‹አብረን እንሂድና አብረን እንንገራት› ብሎ ለመነው።»

«ባቱ ላይ ያለው ቃጠሎ የጭስ ማውጫው ነው» አለች ሩኪያ። «ከነጂው ኋላ የተቀመጠ ሰው እግር የሚያርፍበት ቦታ። ይህ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ማካሜ ካስታወሰው ጋር ግን ገጠመ።»

ፋኪ አፉን ከፈተ፤ እንደለመደው ረጋ ብሎ ሊመልስ ነበር። ቢ ዙህራ ግን እጇን ወደ ኋላ ሰዳ የሸሚዙን ጫፍ ያዘች።

«ፋኪ» አለች። ዓይኗ ወደ ዛፉ ነው። «ሞተሩን ማን ነበር የሚነዳው?»

ከብዙ ምርመራ የማይገኘው ነገር አንዳንዴ በእናት አንድ ጥያቄ ይወጣል። ፋኪ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

«እሱ ምንም አያስታውስም ነበር፣ ማማ። ‹አንተ ነህ የነዳኸው› አልኩት፤ አመነኝ። እሱ ላይ ቢለጠፍ ምን ይጎዳዋል? ሰው እንደሆነ ድሮም ንቆታል። እዚህ ሲገባ ደግሞ በየወሩ ይወድቃል ብዬ ጠበቅኩ። አንድ ዓመት ጠበቅኩ፣ ሁለት ዓመት ጠበቅኩ። አልወድቅ አለኝ!»

ሩኪያ በር ላይ ያቆመቻቸው ሁለት ፖሊሶች መጥተው ሲያነሱት አልታገለም። ቢ ዙህራ ሸሚዙን የያዘችበትን ጣት አንድ በአንድ ለቀቀች።

«ስለዚህ ማካሜ አልወደቀም» አለች።

«አልወደቀም፣ ማማ» አለች ሩኪያ። «እንደቆመ ነው የገደሉት።»

«ሁለት ልጆች ነበሩኝ» አለች ቢ ዙህራ። «በአንዱ እኮራ ነበር። ሌላውን ሲጠሩብኝ አንገቴን እደፋ ነበር። አንድም ቀን እዚህ ቤት መጥቼ ጠይቄው አላውቅም፣ ሰው እንዳያየኝ ብዬ።»

ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። አንድ ሽማግሌ በአጥሩ በኩል ብቅ ብሎ፣ ተሸካሚዎቹ ከመንደሩ ተመርጠዋል፣ የዚህ ቤት ልጆች እዚሁ ይቆዩ አለ። ቢ ዙህራ ከወንበሯ ተነስታ በእጇ እየዳበሰች ወደ ምንጣፉ መጣች። መጀመሪያ ያገኘችው የቩዋይን ትከሻ ነው፤ ቦርሳው አሁንም እላዩ ላይ ነበር። ቦርሳውን ገፍታ ጣለችውና ትከሻውን ጨበጠች።

«እናንተ ተሸከሙት» አለች። «ወንድም የለውም።»